የተቆላ ሰጋቱራ በቡና መጋዘን

ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ዘመን በየአዳራሹ ባነር ላይ ተጽፎ፣ በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ ተለጥፎ ስላየነው እውነት መሰለን እንጂ፣ ሀብት የሚሆነው ነገር መጀመሪያውኑም ቆሻሻ አልነበረም። ቢጫ ጀሪካን ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃ ያልቀዳበት ቤት ካለ ንገሩኝ። ሰጋቱራም ቆሻሻ አይደለም፤ በመጋዝ ጥርስ የደቀቀ እንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ ይነድዳል። ሰው ቆሻሻ ብሎ የጠራውን ነገር አይፈራውም፤ የማይፈራውን ነገር ደግሞ የትም ያስቀምጠዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ብዙ አንብቤያለሁ፣ አንዱም አልነገረኝም። የገባኝ ጅማ አጠገብ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ የቡ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቡና መጋዘን በር ፊት ለፊት ገመድ ይዤ ቆሜ ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልናገር። ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ ጅማ ተወልጄ ጅማ አደግኩ። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን አዲስ አበባ ተቀምጬ ለአንድ የግል ጋዜጣ በየሳምንቱ አሽሙር እጽፍ ነበር። ርዕሴ ልማት ነው። ተመርቆ ያልሠራ ፋብሪካ፣ ሪባን ተቆርጦለት ውሃ የማይወርድበት ቦኖ፣ ከሠርተፊኬት በቀር ምንም የማያመርት ማኅበር ሲገኝ ሳምንቴ በራ ማለት ነው። እናቴን ልጠይቅ ጅማ በወረድኩ ቁጥር የሚቀበለኝ አብሮ አደጌ ከማል ነበር። ጅማ መርካቶ አጠገብ የአባቱን የእንጨት ሥራ ቤት የወረሰ፣ ኮሌጅ ገብቶ ስለ ፕላስቲክ ተምሮ የተመለሰ፣ ሲያወራም ሲሰማም እጁ የማያርፍ ሰው ነው። አንድ ነገር ካልፋቀ አንድ ነገር ይፈታታል።

«ና እስቲ ጋዜጣ፣» አለኝ ያን ሳምንት። በስሜ መጥራት ከተወ ቆይቷል። «የማትስቅበት ነገር ላሳይህ።»

«ጅማ ውስጥ?»

«የቡ ነው ያለው። ወላሂ ከሳቅክ በሞተር አልመልስህም፣ በእግርህ ትመጣታለህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡና በማያበቅል አገር ያደገ አንባቢ እንዲገባው፦ የታጠበ ቡና መሬት ላይ አይሰጣም። ሽቦ በተወጠረበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ረጅም አልጋ ላይ ነው የሚደርቀው። አልጋውን የሚሸከሙት መሬት ውስጥ የተቀበሩ የእንጨት ቋሚዎች ናቸው፤ እነሱን ምስጥ ይበላቸዋል፣ ሰው ደግሞ በየጊዜው ጫካ ገብቶ ሌላ ይቆርጣል። ከማል እነዚህን ቋሚዎች ከቀለጠ ጀሪካንና ከሥራ ቤቱ ሰጋቱራ ሊሠራ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ዳቦ ተነፉበት። ሰጋቱራ ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ውሃ አለ፤ ትኩስ ፕላስቲክ ሲያገኘው ውሃው ይተንና ቋሚውን ወንፊት ያደርገዋል። መቁላት የመጣው ያኔ ነው። ሰጋቱራውን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ፣ አየር እንደልብ ሳያስገባ፣ ሳያነድ፣ ቀረፋ እስኪመስል ይቆላዋል። የተቆላው ውሃ አይጠጣም፣ አያብጥም፣ ከፕላስቲኩ ጋር ይስማማል። ከዚያ ሁለቱ ተደባልቀው የስጋ መፍጫ በሚመስል ትልቅ ማሽን ተገፍተው በብረት ቅርጽ ውስጥ ሲያልፉ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ከባድ፣ ምስጥ የማይደፍረው ቋሚ ይወጣል።

የመርካቶ ጎረቤቶቹ በጭሱ ሲያማርሩ፣ የቡ ያለ የቡና ማጠቢያ ባለቤት ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ሰጠው። በምላሹ አንድ ረድፍ ማድረቂያ አልጋ በከማል ቋሚዎች ተሠራ። ቅዳሜ ጠዋት የሌሎች ማጠቢያዎች ባለቤቶች መጥተው ሊያዩት ቀጠሮ ተይዟል። እኔ የደረስኩት በዋዜማው፣ ዓርብ ጠዋት ነው።

በሩ ላይ የተቀበለኝ ዘበኛው ጋሽ ታደሰ ነበር። በደርግ ጊዜ ወታደር የነበረ፣ ካፖርቱን በበጋም የማያወልቅ፣ ጢሙን በየማለዳው የሚላጭ ሽማግሌ ነው።

«መታወቂያ!»

«ጋሽ ታደሰ፣ የኔ እንግዳ ነው እኮ፣» አለ ከማል።

«የሚሰርቀው እንግዳ ነው። የአገሩን ሌባማ በስም አውቀዋለሁ።»

መታወቂያዬን ገልብጦ ገላልጦ አይቶ መለሰልኝ። ከማል ሳቀና እየሄድን ሳለ አጫወተኝ፦ ጋሽ ታደሰ ቀን ቀን መጋዘን ገብቶ ሲያርፍ እንኳ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ተኝቶ ሳለ ከተሰረቀ መሞቱ ነው።

ከአልጋዎቹ በኩል ደግሞ የማድረቂያው አለቃ አደ ዘይነባ መጣች፤ አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ቀጭን፣ ድምፀ ትልቅ፣ ዕድሜዋ ከእናቴ ትንሽ የሚያንስ ሴት ነች። ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሁሉ በእሷ ቃል ነው የሚንቀሳቀሱት።

«ጋዜጣ ላይ ሰው የምትሰድበው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ አደ ዘይነባ።»

«ታዲያ እጅህ ለምን እንዲህ ለሰለሰ? እኔም ሰው እሳደባለሁ፣ እጄ ግን እየሠራ ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል።

ከመጋዘኑ ጀርባ ስንደርስ የከማል ሁለት ሠራተኞች በርሜሉን ሸራ ላይ እየገለበጡ ነበር። ሰጋቱራው ሲፈስ እንፋሎት የመሰለ ነገር ብን አለ። በመጥረጊያ ስስ አድርገው በተኑት። ከማል ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጀርባ ነካው።

«ይኼ ነው የምፈራው፣» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሙቀቱን። ሰዉ የተቆላ እንጨት ሞቷል ይላል። አልሞተም። ሙቅ ሳለ ከከመርከው ራሱን ያሞቃል፣ ጭስ ሳታይ ሆዱ ፍም ይሆናል። ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ እንደ ከሰል ነው፣ አየሩን ይመርዘዋል። ስለዚህ ትበትነዋለህ፣ እጅህ በረዶ እስኪለው አትሰበስበውም። አቧራውንም አታስነሳውም። አየር ላይ ያለ የተቆላ ዱቄት እሳት ካገኘ እንደ ባሩድ ነው።»

«እና ነገ ለእንግዶቹ ይህን ትነግራቸዋለህ?»

«አብደሃል? እነሱ ቋሚውን ነው የሚገዙት። ሰጋቱራውን ከኔና ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ማንም አይነካውም።»

በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለአሽሙር የሚሆን ነገር ሳገኝ እንደማደርገው ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ከማል ተራገመ፣ ቺንጋውን አንጠልጥሎ አየው፣ እንደገና ተራገመ። ሌላ ካልተገኘ ነገ ማሽኑ ለእንግዶቹ ቆሞ ሊታይ ነው። መርካቶ ወርደን ልንገዛ ተነሳን። ማሽኑ ስለቆመና ዓርብም ስለሆነ ሁለቱን ሠራተኞች ጁምዓ ስገዱ ብሎ አሰናበታቸው፤ እሱ ራሱ ጅማ ሊሰግድ ነው። ልብ በሉ፦ ስለዚያ ሰጋቱራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግቢውን ለቆ ወጣ። የቀሩት አልጋዎቹ ላይ ያሉት ሴቶችና የገና ጾም የያዘው ጋሽ ታደሰ ነበሩ።

መርካቶ ቺንጋውን አገኘን። ከማል መስጊድ ገባ፣ እኔ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሲወጣ ሰማዩ በየቡ በኩል ጠቁሮ ነበር። በመኸር ወራት እንዲህ ያለ ዝናብ የቡና ሰው ጠላት ነው።

«ሰጋቱራህ በሰበሰ፣» አልኩት።

«ይበስብሳ። እንደገና እንቆላዋለን። የሚያሳዝነው ቡናው ነው።»

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። አንድ ሱቅ ግድግዳ ጥግ ተጠልለን አሳለፍነው፣ ከማል ሙሉ ጊዜውን ቺንጋውን በጣቱ ሲያጠነጥን። ሲያባራ በጭቃው ላይ እየተንሸራተትን የቡ ገባን።

ገና ከበሩ ሳንገባ ሽታው ተቀበለን። ደስ የሚል ሽታ ነው፤ በዚህ ግን ማንም እንዳይታለል። ቡና ሲቆላ ካለው ሽታ ላይ ትንሽ ሬንጅ እንደጨመሩበት። በሩ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። አልጋዎቹ በሙሉ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ሴቶቹ ውሃውን ከላዩ እያራገፉ ነው። ከማል ሞተሩን ሳያጠፋ ጥሎት ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሮጠ። ተከተልኩት። ሸራው ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል። ሰጋቱራው የለም።

«አደ ዘይነባ!»

እየሳቀች መጣች፣ ፊቷ በዝናብ ርሶ። «አትደንግጥ፣ አትደንግጥ! አንድ እፍኝ አልረጠበብህም። ደመናው ብቅ ሲል ‹ሀጉጋ!› አልኳቸው። ቡናውን ሸፈንን፣ ያንተንም ሰብስበን ሸፈንን። ጎርፉ ከላይ ሲመጣ ደግሞ ይወስድብሃል ብዬ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን መጋዘን አስገባነው። ነገ እንግዳ አለብህ አይደል?»

ሀጉጋ ማለት በኦሮምኛ ሸፍኑ ማለት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህ ቃል ከተሰማ ጥያቄ የለም፤ ደመና ሲታይ የተሰጣ ነገር ሁሉ ይሸፈናል። የቡና ሰው ሥራ ግማሹ መስጣት፣ ግማሹ መሸፈን ነው።

«ሙቅ ነበር?» አለ ከማል።

«ሙቅ! እንደ ዳቦ። ልጆቹ እጃቸውን ሲያሞቁበት ነበር።»

ከማልን ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ሲያርፍ አየሁ። ሁለቱም እጆቹ ጎኑ ላይ ተንጠለጠሉ።

«መጋዘኑ ውስጥ ማን አለ?»

«ጋሽ ታደሰ ነዋ። በርዶት ሲንቀጠቀጥ፣ ‹ከከረጢቱ ላይ ጋደም ብዬ ላሙቅ› ብሎ ገባ። ሆዱም ባዶ ነው፣ ጾሙ ነው። ይኸው እንደ ልማዱ ቀርቅሯል።»

በሩን ደበደብነው። ከማል በቡጢ፣ እኔ በጫማዬ። «ጋሽ ታደሰ! ጋሽ ታደሰ!» ቆርቆሮው ያስተጋባል እንጂ የሰው ድምፅ የለም። ሊሰርቁህ መጡ ብዬም ጮህኩ። እሱን የሚቀሰቅስ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ዝም። በበሩ ጠርዝ በኩል ጭስ እንኳ አይወጣም፤ ያ ሽታ ብቻ፣ አሁን ወፈር ብሎ፣ ጉሮሮ የሚይዝ።

ከማሽኑ አጠገብ የነበረውን ዲጂኖ አንስቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። ከማል ከኋላዬ አንገቴን አነቀኝ።

«ዲሲ! ተው! ብርግድ ካደረግከው አየር ይገባል። አየር ከገባ ይነድዳል፣ ከነሰውየው፣ ከነቡናው!»

«ካልከፈትነው ይሞታል!»

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።»

ሴቶቹ ጉዳዩ ገብቷቸው በባልዲ ውሃ ይዘው ይሮጡ ጀመር። ከማል እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«ውሃ እንዳትደፉ! ማሎ፣ እባካችሁ! ውሃው ዱቄቱን ካስነሳው ሁላችንም አለቅን። እርጥብ ነገር፣ ከባድ፣ የማይረጭ ነገር ነው የምፈልገው።»

«ቅርፊት፣» አለች አደ ዘይነባ።

ከማጠቢያው ማሽን ስር የተፈለፈለው የቡና ቀይ ቅርፊት ተቆልሎ ነበር፤ እርጥብ፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ ጭቃ የሚከብድ። ከማል አያትና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ ባልዲውን ውሃ እየደፉ ወደ ቅርፊቱ ሮጡ።

ከማል በሩን ያየው አናጢ በር እንደሚያይ ነው። ጋሽ ታደሰ መቀርቀሪያውን አምኖ ነበር፤ ማጠፊያዎቹ ግን በውጭ በኩል ናቸው። ከማል ኪሱ ውስጥ ከማይጠፋው መፍቻ ጋር ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። እየፈታ ይናገራል፦

«ሸራውን በውሃ ነክራችሁ በሩ ላይ እንደ መጋረጃ ያዙት። ሰው የሚያሾልክ ያህል ብቻ ነው የምከፍተው። ጋዜጣ፣ ያን ገመድ አምጣ። ወገቤ ላይ እሰረው። ሁለቴ ስስብ ጎትት። ዝም ካልኩም ጎትት።»

«ዝም ማለትህን በምን አውቃለሁ?»

«ዝምታ አታውቅማ። ዛሬ ተማር።»

አንዷ ሴት ሻሿን ውሃ ነክራ ሰጠችው። «ለአፍንጫህ፣ ወንድሜ።» ይህ ጨርቅ የሚከለክለው ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ግን ተቀብሎ አሰረው፣ አመሰገናት፣ ቢስሚላህ አለና በሆዱ ተስቦ ከሸራው ስር ገባ።

ገመዱ በመዳፌ ውስጥ ይሄድ ጀመር። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ከጀርባዬ ቅርፊት ያዘሉ ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ «ያረቢ» ትላለች፣ ሌላዋ «እመቤቴ» ትላለች፣ ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ጸሎት ይመስላሉ። ገመዱ ቆመ። ጠበቅኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃላት ሳይኖሩኝ የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ያን ጊዜ ግን ሰውነቴ በሙሉ መዳፌ ላይ ያለ ነገር ብቻ ሆነ።

ገመዱ ተሳበ። አንዴ።

«ሳበ?» አለች አደ ዘይነባ።

«አንዴ።»

«አንዴ ምንድን ነው?»

«አንዴ አልተነጋገርንም።»

«ጎትት አንተ ሰው! አንዴም ሰው ነው!»

ጎተትኩ። ከማል ቀጭን ሰው ነው፤ ይሄ ግን የከማል ክብደት አይደለም። አደ ዘይነባ ከኋላዬ ያዘች፣ ሌሎቹም ያዙ፣ ሁላችንም ወደ ኋላ ወደቅን፣ ተነስተን እንደገና ሳብን። ከሸራው ስር መጀመሪያ ካፖርት፣ ቀጥሎ ነጭ ጸጉር ወጣ። ገመዱ በጋሽ ታደሰ ብብት ስር ታስሯል። ከማል ከራሱ ፈትቶ ለእሱ አስሮለታል። ራሱ ውስጥ ነው፣ ያለ ገመድ።

አሁን ጀግና ነበርኩ ልል አይደለም። ሁሉም ሰው ዞሮ እኔን አየኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው። እንዲያ እየታዩ መቆም መግባቱን ያስንቃል። በሆዴ ተደፋሁ። አደ ዘይነባ ቁርጭምጭሚቶቼን በሁለት እጇ ጨብጣ «እኔ አለሁ፣ አለቅህም፣ ግባ» አለችኝ። እጇ ለምን እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ።

ውስጡ እንደጠበቅኩት በጭስ የታፈነ አይደለም። የሚያስፈራው እሱ ነው። ጨለማ፣ ሙቅ፣ ጸጥ ያለ። በቀኜ የቡና ከረጢቶች፣ በግራዬ የሰጋቱራው፤ ከታችኛው ከረጢት ሥር ቀይ ክር የመሰለ ነገር ይተነፍሳል፤ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ይደምቃል። ከማል ከበሩ ብዙ አልራቀም። ግን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ፣ ወደ ግድግዳው ነው የሚሳበው፣ ቀስ ብሎ፣ በጥሞና፣ በሩ እዚያ ያለ ይመስል። እግሩን ያዝኩት። ረገጠኝ። እንደገና ያዝኩትና ጮህኩ። «ጎትቱ!» ብዬ የጮህኩ መስሎኝ ነበር፤ አደ ዘይነባ በኋላ ስትነግረኝ ግን ድምፅ አልሰማንም፣ እግርህ ሲወራጭ ነው የጎተትንህ ብላኛለች።

ውጭ ሣሩ ላይ ከማል አስመለሰው፣ ሳለ፣ ማንነቴን እንዳላወቀ አየኝ። መጀመሪያ የተናገረው «ቅርፊቱ» ነው። ሴቶቹ ግን ጀምረውታል፦ በሸራው ክፍተት እርጥቡን ቅርፊት ሳይወረውሩ፣ በእጃቸው እየገፉ፣ ከረጢቶቹ ላይ እየደራረቡ። ፍሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። በኋላ ከጁምዓ የተመለሱት ሠራተኞች ከረጢቶቹን ባንድ ባንድ እየጎተቱ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሲያሰምጡ፣ አንዱ ከበሩ ወጥቶ ንፋስ ሲነካው ቦግ ብሎ ነደደ። ያን ጊዜ ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን፤ በሩን በዲጂኖ በርግጄው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ጋሽ ታደሰ ይተነፍሳል፣ አይነቃም። ኔትወርክ የለም። ቡና ሊጭን የመጣ አይሱዙ ነበርና ከኋላ ጫንነው፤ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጅማ ሆስፒታል ደረስን። ኦክሲጅን አደረጉለት። ከማል በሌላ አልጋ ላይ ተኝቶ በየደቂቃው «ነቃ?» ይላል። አልነቃም። አደ ዘይነባ ማታውን ኮሪደር ላይ ተቀምጣ አነጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ቋሚዎቹን ሊያዩ ከመጡት እንግዶች አንዱ ሆስፒታል ድረስ ሊጠይቅ መጣ። ከማል ተሽሎት ኮሪደር ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ሰውዬው ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ያልተማሩ ሴቶች ናቸው» አለ። ማጽናናቱ ነው።

አደ ዘይነባ ሰማች። ሰውየው እስኪሄድ ታገሰች፣ ከዚያ ከማል ፊት መጥታ ቆመች።

«ሙቁ አይከመርም ነበር?»

«አይከመርም ነበር አደ ዘይነባ።»

«ማን ነገረኝ?»

ከማል እኔን አየኝ።

ወደ እኔ በአገጯ አመለከተች። «ለዚህስ ነግረኸው ነበር?»

«ለእሱ… ጠዋት ነግሬዋለሁ።»

«ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚሄድ ሰው ነገርከው። በየቀኑ አጥርህ ላይ የምውለው፣ ዝናብ ሲመጣ ዕቃህን የማነሳልህ እኔን አልነገርከኝም። እሱ ማስታወሻው ላይ ጻፈው፣ እኔ ከረጢት ውስጥ ሞላሁት።» ድምጿ ከፍ አላለም፤ በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው ስታንሾካሹክ የሰማኋት። «እኔ እኮ ልጠቅምህ ብዬ ነው ሰው ልገድል የነበረው። ይህን በምን ላራግፈው? ንገረኛ። የተማርከው አንተ ነህ።»

ከማል አቀርቅሮ «ሥራዎ አልመሰለኝም ነበር» አለ። ውሸት አልነበረም። በእርግጥም አልመሰለውም ነበር። ሁለት ደሞዝተኞቹን አስተምሮ ጨርሷል፤ የሌላ ሰው ሠራተኛ በደግነቷ ዕቃውን ትነካለች ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

ጋሽ ታደሰ የነቃው እሁድ ነው። ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን፣ ከማልን፣ እኔን አየና በደከመ ድምፅ፣ «በሬን የነቀለው ማነው?» አለ። ሳቅን፤ አደ ዘይነባ ግን አልሳቀችም፣ ወጥታ ውጭ አለቀሰች።

ቀሪውን ሳላሳምር ልንገራችሁ። ጋሽ ታደሰ ዳነ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ከቤቱ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ፣ ዓመታት የሄደበትን፣ መሀል ላይ ይረሳዋል፤ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። የማድረቂያው ሴቶች ናቸው የሚመልሱት፣ ከሁሉም ይልቅ አደ ዘይነባ። መጋዘን ውስጥ ከነበረው ቡና ከፊሉ ጭስ ሸተተና ተጣለ። የከማል ቋሚዎች ግን ዛሬም ቆመዋል፤ ምስጥ አልነካቸውም፣ ዝናብ አላሳበጣቸውም። ሰጋቱራውን ዛሬ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የብረት በርሜል ውስጥ፣ ከሁሉም ነገር ርቆ ነው የሚያቀዘቅዘው። ደግሞም በየዓመቱ የቡና ለቀማ ሲጀመር ዘበኛውንም፣ ምግብ አብሳይዋንም፣ ጫኝና አውራጁንም ሰብስቦ፣ በጣም ትንሽ ክምር ፊታቸው ሠርቶ፣ ከውጭ ቀዝቃዛውን አስነክቶ ከውስጥ ፍሙን ያሳያቸዋል። አደ ዘይነባ ከጎኑ ቆማ ነው ይህን የሚያደርገው፤ ያልገባው መስሎ የሚያሾፍ ካለ እሷ ታስረዳዋለች።

እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ጽሑፌን ልጀምር ተቀመጥኩ። ርዕስ አላጣሁም፤ እንዲያውም የዓመቱ ምርጥ አሽሙር የሚወጣው ነገር ነበር። አንድ መስመር አልወጣኝም። እስከዚያ ድረስ ይህን አገር የሚያጠፋው ሰነፉ፣ አስመሳዩና ግድየለሹ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ደሞዜም የሚመጣው ከዚያ እምነት ነው። የቡ ላይ ግን ሰነፍ አልነበረም። ግድየለሽ አልነበረም። ሪፖርት ቢጻፍ «በጥንቃቄ ጉድለት» ይላል፣ ውሸት ነው። እነዚያ ሴቶች ዝናብ እየመታቸው፣ ያልታዘዙትን፣ የማይከፈሉበትን ሥራ በጥንቃቄ ሠርተዋል። አደጋውን ያመጣው ትጋት ነው፤ ማንም ያልነገረው ትጋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል «ጥፋተኛው ማነው» ብዬ አልጀምርም። «ማን ያውቅ ነበር፣ ለማንስ አልነገረም» እላለሁ። ይህ ጥያቄ ለአሽሙር አይመችም፤ አንባቢም አያስቅም። ጋዜጣውም ብዙ ሳይቆይ አሰናበተኝ፣ አልተቀየምኩም።

እና አንተ፣ እስከዚህ ድረስ ያነበብከው። አንቺም። በሥራችሁ ውስጥ እናንተ ብቻ የምታውቁት አደገኛ ነገር አለ፤ ፋብሪካ መሆን አያስፈልገውም፣ መድኃኒት ቤትም ይሁን፣ ጋራዥም ይሁን፣ ወጥ ቤትም ይሁን። ዝናብ ሲመጣ ዕቃችሁን የምታነሳላችሁ ሴትም አለች፤ ስሟን ታውቁታላችሁ። ይህን ወረቀት አስቀምጡና አሁኑኑ ሄዳችሁ ንገሯት።